ደጅ ጥናት ከየት መጣ? የድሮው መንግሥት እንዴት ይሠራ ነበር

ባለፈው ሳምንት አራት ኪሎ አካባቢ ወዳለ አንድ መሥሪያ ቤት ለአንዲት ፊርማ ሄድኩ። ጠዋት ሁለት ሰዓት ተኩል ደረስኩ። ኃላፊው ስብሰባ ላይ ናቸው ተባለ። አራት ሰዓት ሆነ። አምስት ሆነ። አግዳሚው ላይ ከጎኔ የተቀመጡ፣ ነጠላቸውን ያጣፉ እናት ስልኬን ደጋግሜ ሳይ ታዘቡኝና «አይ ልጄ፣ እዚህ ደጅ ይጠናል እንጂ ሰዓት አይታይም» አሉኝ።

ሳቅኩ። ቃሉ ግን አብሮኝ ቀረ። ደጅ ጥናት ለእኛ ምሬት ነው። ለቅድመ አያቶቻችን ግን የመንግሥት አሠራር ነበር። ትምህርት ቤት ሳለን ያን ሁሉ ዘመን «ፊውዳል ሥርዓት» በሚል አንድ ቃል ጠቅልለው ሰጡን፤ እኛም ፈተና ላይ ጽፈን አለፍን። እንዴት ይሠራ እንደነበር የጠየቀ የለም። እስቲ በደጁ በኩል እንግባ።

መጀመሪያ ደመወዝ የሚባለውን ነገር እንርሳው። የድሮው መንግሥት ለሹሞቹ ደመወዝ አይከፍልም። ፖሊስ ጣቢያ የለውም። ለብዙ ዘመን ስልክም መኪናም የለውም። ታዲያ ንጉሡ የሳምንታት መንገድ ርቆ የተቀመጠውን ገዥ በምን ይይዘዋል? ገዥው እዚያው ጦር አለው፣ እህል አለው፣ የሚሰግድለት ሰው አለው። ነገ «አልታዘዝም» ቢል ማን ይከለክለዋል? ማዕረጉም፣ መሬቱም፣ ድግሱም፣ የቤተ ክርስቲያን ቅባቱም ለዚህ ራስ ምታት የተገኙ መድኃኒቶች ናቸው ብል ብዙ አልሳሳትም።

አንደኛው መድኃኒት ደጅ ነው። ሹም የሆነ ሁሉ በየጊዜው መጥቶ ንጉሡ ደጅ መቆም አለበት። ሥራ ባይኖረውም ይቆማል። መቆሙ ራሱ ሥራው ነው። ለወራት ከርሞ፣ ታይቶ፣ «እገሌ አለ» ተብሎ፣ ሹመቱ ጸንቶለት ወይም ጨምሮለት ይመለሳል። የቀረ ሰው ተጠርጣሪ ነው።

ማዕረጎቹንም ልብ ብላችሁ አንብቧቸው። ደጃዝማች የደጅ አዝማች ነው። ቀኛዝማች የቀኙን፣ ግራዝማች የግራውን ይመራል። ፊታውራሪ ከፊት ይቀድማል። ራስ ራስ ነው፤ ማብራሪያ አይፈልግም። ሁሉም የጦር ሰፈር ቦታዎች ናቸው። ነገሥታቱ ለረጅም ዘመን ቋሚ ከተማ አልነበራቸውም። ድንኳን ተክለው ይከርማሉ፤ እህልና ማገዶ ሲያልቅ ይነሳሉ። በ1512 ዓ.ም. አካባቢ የመጣው ፖርቱጋላዊ ቄስ አልቫሬዝ ያየው የአፄ ልብነ ድንግል ከተማ እንዲህ ያለ ነበር፤ የንጉሡ ድንኳን፣ የቤተ ክርስቲያኑ ድንኳን፣ ገበያው፣ ሁሉም የታወቀ ቦታ አለው። ከተማው በተነሳ ቁጥር ቦታው ይለወጣል፤ አሰፋፈሩ ግን ያው ነው።

አዲስ አበባም በዚሁ ወግ የተተከለች ናት። ቤተ መንግሥቱ ከፍታው ላይ ተቀመጠ። መኳንንቱ በየኮረብታው፣ በየወንዙ ማዶ መሬት ተሰጣቸው፤ እያንዳንዳቸው ጭፍራቸውን ይዘው ሰፈሩ። «ሰፈር» የምንለው ይኼው ነው። ራስ ሙሉጌታ ሰፈር፣ ራስ ተሰማ ሰፈር፣ ደጃች ውቤ ሰፈር። ጌታው መሃል ላይ፣ አሽከሩና ወታደሩ ዙሪያውን። ሀብታምና ድሃ አጥር ለአጥር ተያይዞ የኖረው ከዚህ የተነሳ ነው። ከደጃች ውቤ ሰፈር፣ ውቤ በረሃ ከምንለው፣ አብዛኛው በቅርቡ ፈርሷል። በስሙ ታክሲ መጠየቅ ግን ገና አልቀረም።

አሁን ወደ ምግቡ እንለፍ፤ እኔ ነገሩ የገባኝ እዚህ ላይ ነው። «ግብር» የሚለው ቃል ሁለት ፍቺ አለው። አንዱ ዛሬ ገቢዎች ሄደን የምንከፍለው ነው። ሁለተኛው የንጉሥ ድግስ ነው፤ «ግብር አበላ» የሚባለው። ለምን አንድ ቃል ሆነ? አንድ ነገር ስለሆነ ነው። ገባሩ ማሩን፣ ሰንጋውን፣ እህሉን ወደ ላይ ይልካል። ንጉሡ ያንኑ መልሶ ለሠራዊቱ ያበላል። ወደ ላይ ሲሄድም ግብር ነው፣ ወደ ታች ሲመለስም ግብር ነው። አንድ ችግር ብቻ አለ። የላከው ሌላ፣ የበላው ሌላ ነው።

የምኒልክ አዳራሽ ዛሬም ግቢው ውስጥ አለ፤ ከፍላችሁ ገብታችሁ ልታዩት ትችላላችሁ። በአንድ ግብር ብዙ ሺህ ሰው ይበላበት ነበር። መጀመሪያ መኳንንቱ ከንጉሡ ጋር፣ መጋረጃ ተጋርዶ። ከዚያ መጋረጃው ይገለጥና ሠራዊቱ በየማዕረጉ በተራ ይገባል። አንዱ ሲነሳ ሌላው ይቀመጣል። ሥጋውም ቢሆን እንደ ሥጋ ቤት አይደለም። ከጥንት ጀምሮ ሻኛው ለማን፣ ታላቁ ለማን፣ ጎድኑ ለማን እንደሚሰጥ በጽሑፍ የተወሰነ ሥርዓት ነበር። የበሬው ሥጋ የአገሪቱ የሥልጣን ሰንጠረዥ ነበር ማለት ይቻላል። ባለፈው ዓመት የበላኸውን ብልት ዘንድሮ ካላገኘህ፣ ማንም ሳይነግርህ መሻርህን ታውቀዋለህ።

በግብር የተያዘ ሰው ታሪክ ልንገራችሁ። ደጃዝማች ባልቻ አባ ነፍሶ፣ የአድዋው መድፈኛ፣ ሲዳሞን ይገዙ ነበር። ሕፃን ሳሉ ከጦር ሜዳ ቆስለው ተገኝተው ምኒልክ ግቢ ያደጉ ሰው ናቸው። አልጋ ወራሽ ተፈሪን እምብዛም አይወዷቸውም፤ ገቢውንም በወጉ አይልኩም፣ ደጅም አይጠኑም። በ1920 ዓ.ም. ና ሲባሉ ብዙ ሺህ ጦር አስከትለው መጡና ከከተማው ውጭ ንፋስ ስልክ ሰፈሩ። ተፈሪ አልተዋጉም። ግብር ጠሯቸው። ባልቻ በጥቂት መቶ ሰው ታጅበው ግቢ ገቡ፤ በክብር በሉ፣ ጠጡ። እሳቸው እየበሉ ሳለ ራስ ካሣ ንፋስ ስልክ ወረዱ። ወታደሩን በገንዘብና በምክር «ወደ አገርህ ግባ» አሉት። ባልቻ ሲመለሱ ሰፈሩ ባዶ ሆኖ ጠበቃቸው። ሹመታቸውም አብሮ ሄደ።

ጥይት አልተተኮሰም። አንድ ወታደር ለማን ይታዘዛል ለሚለው የዘመኑ መልስ «ለሚያበላው» ነው። ያን ቀን የሚያበላው ሰው ተለወጠ። ዕድሜ ደጉ፣ ባልቻ ከስምንት ዓመት በኋላ ጣሊያንን ሲዋጉ ሞቱ፤ ስማቸው ዛሬ ልደታ አጠገብ ሆስፒታል ላይ አለ።

ግን ሹሙ ራሱ ምን ይበላል? ጉልት። ንጉሡ ለሹሙ ገንዘብ በመስጠት ፋንታ «የዚህን አገር ግብር ብላ» ይለዋል። መሬቱ የሹሙ አይደለም፤ ከመሬቱ የሚወጣው ነው የተሰጠው። ሲሻር ጉልቱም ከሹመቱ ጋር ይሄዳል። «ሲሾም ያልበላ ሲሻር ይቆጨዋል» የምንለውን ዛሬ ለሙስና እንጠቅሰዋለን። ያኔ ግን ነውር አልነበረም፤ ደመወዝ መብላት ማለት ነው። ሹመቱ መቼ እንደሚያልቅ ስለማይታወቅ ደግሞ ፈጥኖ መብላት ነው። ለመጪው ዓመት የሚያስብ ሹም ሞኝ ነበር፤ ችግሩ ከሰውየው ስግብግብነት ይልቅ ከአከፋፈሉ ነው። (የሰፈራችን ጉልት፣ ሽንኩርትና ቲማቲም የሚቸረቸርበት፣ ከዚሁ ቃል ጋር ዘመድ ነው። አንዱ መሬት ላይ ተጎልቶ ይሸጣል፣ ሌላው ሰው ላይ ተጎልቶ ይበላል።)

ርስት ሌላ ነው። ርስት የገበሬው ነው፤ ከአባቱም ከእናቱም ወገን የሚወርሰው። ጎጃም፣ ጎንደርና ትግራይን በመሳሰሉ የሰሜን አገሮች ገበሬው ግብር ይክፈል እንጂ ከርስቱ በቀላሉ አይነቀልም። «ርስት በሺ ዓመቱ ለባለቤቱ» የሚባለው ለዚህ ነው። በሁለቱም ወገን ስለሚወረስ ደግሞ ሙግቱ ማለቂያ የለውም።

ምኒልክ ወደ ደቡብ፣ ወደ ምዕራብና ወደ ምሥራቅ ካስፋፉት ግዛት አብዛኛው ላይ ግን ነገሩ ከረረ። እዚያ የሄደው ወታደር ነፍጠኛ ይባላል። ዛሬ ቃሉ ብዙ ፖለቲካ ተጭኖበታል፤ መነሻው ነፍጥ የያዘ ማለት ነው። ለእሱም ደመወዝ የለም። እንደ ማዕረጉ ገባር ተቆጥሮ ይሰጠዋል። ለአለቃው ብዙ፣ ለተራው ጥቂት። ገባሩ እህሉን ይሰጣል፣ ማሳውን ያርስለታል፣ እንጨት ይፈልጥለታል፣ ቤቱን ይሠራለታል። የአገሬው ባላባት ሲሶ መሬት ይቀርለታል፤ ባላባት ማለት «ባለ አባት» ነው፣ አባቱ የሚታወቅ። ቀሪው በቀላድ፣ በመለኪያ ገመድ፣ እየተለካ ለመንግሥት፣ ለወታደርና ለቤተ ክርስቲያን ተከፋፈለ። የራሱን አባት መሬት የሚያርሰው ሰው ጭሰኛ ሆነ። ጭስ ብቻ ያለው፣ ማለትም ምድጃ እንጂ መሬት የሌለው። አንድ ሥርዓት በራሱ አፍ ስለ ራሱ እንዲህ ሲመሰክር ብዙ ጊዜ አይገጥምም።

እስካሁን ያየነው ሁለት ዓይነት ሰው ነው፤ የሚዋጋና የሚያርስ። ሦስተኛው የሚጸልየው ነው። ካህኑም ደመወዝ የለውም፤ የሰሞን መሬት አለው፤ ያንን የያዘ በምላሹ ቤተ ክርስቲያኑን ያገለግላል። ከሦስቱ ውጭ የወደቁት ግን ነበሩ። ቀጥቃጩ፣ ሸማኔው፣ ፋቂው፣ ሸክላ ሠሪዋ። ማረሻውን ያለ ቀጥቃጭ፣ ኩታውን ያለ ሸማኔ ማን ያገኛል? ግን «ቡዳ» ይባላሉ፤ አብሯቸው የሚጋባ የለም። ፒያሳ አጠገብ ያለው ሠራተኛ ሰፈር የእነዚህ ባለ እጆች ሰፈር ነበር። ምኒልክ በ1900 ዓ.ም. ሠራተኛን በሥራው የሚሳደብ እንዲቀጣ አዋጅ አስነገሩ። አዋጁ ሰሚ ያገኘ አይመስለኝም፤ ስድቦቹ በእኔ ልጅነትም ነበሩ። ከሁሉ በታች ባሪያ አለ። ኢትዮጵያ የመንግሥታቱ ማኅበር አባል ለመሆን ስትል በ1916 ዓ.ም. በባርነት ላይ ሕግ አወጣች፤ ጨርሶ የታገደው በ1934 ዓ.ም. ነው።

ቁልቁል የተደረደረ ይምሰል እንጂ መሰላሉ የሚወጣበት ነበር። ከመርካቶ ወደ ፒያሳ ስትመጡ የምትሻገሩት ድልድይ የፊታውራሪ ሀብተ ጊዮርጊስ ነው። ሀብተ ጊዮርጊስ በልጅነታቸው ተማርከው የመጡ ናቸው። የአገሪቱ የመጀመሪያ የጦር ሚኒስትር ሆኑ። ባልቻም እንዲሁ። ጌታ ደጅ ቆሞ፣ ታማኝነቱንና ጀግንነቱን ያሳየ ከፍ ይላል። ለሴት መንገዱ ጠባብ ነው፤ ቢሆንም ርስት ትወርሳለች፣ ትሟገታለች። ጣይቱንና ዘውዲቱንም መርሳት አይገባም።

ትልቁ ጥያቄ ይቀረናል። ንጉሡንስ ማን ይይዘዋል? «ሰማይ አይታረስ፣ ንጉሥ አይከሰስ» ተብሏል። ንጉሡ ሥዩመ እግዚአብሔር ነው፤ ከሰሎሞንና ከንግሥተ ሳባ ዘር ነው። ግን ዘር ብቻ አያነግሥም። መቀባት አለበት። የሚቀባው ጳጳሱ ነው። ጳጳሱ ደግሞ ኢትዮጵያዊ አይደለም! እስከ 1943 ዓ.ም.፣ አቡነ ባስልዮስ እስኪሾሙ ድረስ፣ ከግብፅ ከእስክንድርያ የሚላክ መነኩሴ ነበር። እንግዳ፣ ቋንቋውን የማያውቅ፣ በአገሩ ዘመድ የሌለው። ነገሩ ሞኝነት ይመስላል። እኔ ግን ብልሃትም የነበረበት ይመስለኛል፤ ዘመድ የሌለው ሰው ልጁን አያነግሥም። የቤተ ክርስቲያኑን የውስጥ አስተዳደር እጨጌው፣ የመነኮሳቱ አለቃ፣ ይይዛል፤ እሱ የአገር ሰው ነው። ክህነት የሚሰጠው ግን ጳጳሱ ብቻ ስለሆነ፣ ጳጳስ ሲሞት አገሩ ሁሉ ይጨነቃል።

የጳጳሱ ሁለተኛ ሥልጣን መሐላ ነው። ፖሊስ በሌለበት አገር ቃል የሚጠብቀው ግዝት ነው። ምኒልክ በ1901 ዓ.ም. የልጅ ልጃቸውን ልጅ ኢያሱን አልጋ ወራሽ አድርገው ሲያሳውቁ ሕዝቡን አስማሉት፤ ቃሉን ያፈረሰ ጥቁር ውሻ ይውለድ የሚል እርግማንም አለበት። ሰው ይህን ሰምቶ ይስቃል ብላችሁ አታስቡ። መኳንንቱ ኢያሱን ጠሉ። ከከተማ ይርቃል፣ የአያቱን ሹሞች ይንቃል፣ ወደ እስልምና አዘንብሏል አሉ። የመጨረሻው ክስ እስከ ምን ድረስ እውነት እንደነበር ዛሬም ያከራክራል። ጦር ነበራቸው፣ ግቢው በእጃቸው ነበር። ግን ምለዋል።

ስለዚህ መስከረም 17 ቀን 1909፣ በመስቀል ዕለት፣ ግቢ ተሰብስበው አቡነ ማቴዎስን ከመሐላው ፍቱን አሏቸው። አቡኑ ፈቱ። በዚያው ዕለት ኢያሱ ሐረር ሳለ ተሻረ። ዘውዲቱ ነገሡ፣ ተፈሪ አልጋ ወራሽ ሆኑ። ደሙ ከዚያ በኋላ ነው የፈሰሰው፤ በጥቅምት፣ ሰገሌ ላይ በተደረገው ጦርነት። ልብ በሉ፣ ኢያሱ ዘውድ አልጫነም፣ አልተቀባም ነበር። ተቀብቶ ቢሆን ኖሮ መሻሩ እንዲህ ይቀል ነበር? አይመስለኝም።

ተፈሪ ይህን በዓይናቸው አይተዋል። ዘውዲቱ ባረፉ ጊዜ ጥቅምት 23 ቀን 1923 ፒያሳ ጊዮርጊስ ዘውድ ጭነው ኃይለ ሥላሴ ተባሉ፤ በዚያው ዓመት ሐምሌ ሕገ መንግሥት አወጡ። ወረቀቱ አዲስ ነው፣ ነገሩ ግን የድሮው፤ ዘሩም ቅባቱም በአንቀጽ ተጻፈ። በ1948 ዓ.ም. የተሻሻለው ደግሞ የኦርቶዶክስ ቤተ ክርስቲያንን የመንግሥት ሃይማኖት አድርጎ፣ የንጉሡ ስም በጸሎት ሁሉ እንዲነሳ ደነገገ። ለውጡ ሌላ ቦታ ነው። ለሹሙ ደመወዝ መጣ። ጭፍራው ወደ አንድ ጦር ገባ። ራሱና ደጃዝማቹ ማዕረጉን ይዞ የሕግ መወሰኛ ምክር ቤት ወንበር ላይ ተቀመጠ፤ አራት ኪሎ፣ ባለ ሰዓቱ ሕንፃ ውስጥ። ደጁ ቀረ፤ ከኋላው የነበረው ጦር ግን ሄደ። ጭሰኛው ደግሞ ያው ጭሰኛ ነበር።

ከቅባቱ ውጭ የነበሩትስ? ሙስሊሙ ነግዶ ያድራል፣ ግብር ይከፍላል፣ በዓሉ ግን ካላንደር ላይ የለም። ሚያዝያ 12 ቀን 1966 አዲስ አበባ ላይ የወጣው ሰልፍ ይህን ጠየቀ፤ ክርስቲያኖችም አብረው ወጡ። ተማሪው «መሬት ላራሹ» ማለት ከጀመረ ዘጠኝ ዓመት ሆኖት ነበር። መስከረም 2 ቀን 1967 ንጉሡ በቮልስዋገን ከቤተ መንግሥታቸው ተወሰዱ። የካቲት 25 ቀን የገጠር መሬት የሕዝብ ሆነ ተባለ። ጉልትም፣ ርስትም፣ ጭሰኛም በአንድ አዋጅ ከሕግ ወጡ። ከአፍ አልወጡም፤ «ርስትህ ነው እንዴ?» ዛሬም መንገድ ላይ የምንጣላበት ነው።

አንድ ቃል ሳልነግራችሁ ላልፍ ነበር፤ ባልደረባ። ዛሬ አብሮን የሚሠራ ሰው ነው። ድሮ ግን ደጅ ለሚጠና ሰው ግቢ ውስጥ የሚመደብለት አቅራቢው ነበር። ጉዳይህን ይዞ ይገባል፣ ንጉሡ ጆሮ ያደርሳል፣ መልስ ያወጣልሃል። ያለ ባልደረባ ዓመት ብትቆም የሚያይህ የለም።

ስድስት ሰዓት ሊሆን ሲል እኚያ እናት ስልካቸውን አወጡና ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው አወሩ። ብዙም ሳይቆይ አንድ መታወቂያ አንገቱ ላይ ያንጠለጠለ ልጅ ከውስጥ ወጥቶ «እማማ፣ ይምጡ» አላቸው። ወረቀታቸውን ይዘው ሲወጡ አለፍ ብለው ዞር አሉና «አንተስ ልጄ፣ ውስጥ ሰው የለህም?» አሉኝ።

የለኝም። ሰኞ ና ተብያለሁ።